ደራሽ ጎርፍ ሳይቀድማችሁ፦ የቀበሌውን የአደጋ እቅድ ወደ ሰፈራችሁ እንዴት ታወርዱታላችሁ?

ደመና በጠቆረ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ቀበሌው የአደጋ እቅድ አለው ይባላል፣ ስብሰባም ተጠርተን ነበር፤ ግን ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ እኛን ማን ነው የሚቀሰቅሰን?» እዚህ ድሬዳዋ ከገንደ ቆሬ ሰፈር ጠይቀውኛል፣ ከመጋላ ጠይቀውኛል፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መንገድ ላይ አስቁማ ጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አገራችን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ አላት። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀ ነው። ዋናው ሐሳቡ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ወረቀቱ ከፌዴራል ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ወረዳና ቀበሌ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ እዚያ ይቆማል። ከቀበሌው ቢሮ እስከ እናንተ በር ያለውን መንገድ የሚሞላው ጎረቤት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚያ መንገድ ነው።

መመሪያው ለድሬዳዋ ጎርፍ የተጻፈ ነው። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ዝናቡ ግን የሚጥለው እኛ ላይ አይደለም፤ ከከተማው በላይ፣ በደንገጎ አቅጣጫ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ ውሃው ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የሞተው አብዛኛው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ ስትሠሩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ይሄ ነገር ይሠራል ወይ?

ከ30 እስከ 50 ቤት ላለው አንድ ሰፈር የሚሆን ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። የሚጀምሩት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ሴቶችም ወጣቶችም ይኑሩበት። እሁድ እሁድ ብትሠሩ በአንድ ወር ገደማ ታልቃላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ወፍራም ደብተር፣ ሁለት ትልልቅ ካርቶን ወረቀት፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ማርከር
- ትንሽ ጣሳ ቀይ የዘይት ቀለምና ብሩሽ
- ፊሽካ፣ ቢያንስ ለስምንት ሰው
- የእጅ ድምፅ ማጉያ አንድ (ከሌለ ብረት ድስትና ጭልፋ ይሠራል፣ በኋላ እነግራችኋለሁ)
- የእጅ ባትሪና ትርፍ ድንጋይ። የስልክ መብራት አይቆጠርም፤ ስልኩ ለመደወል ይፈለጋል
- ወፍራም ገመድ 20 ሜትር ያህል
- ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች
- ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ
- የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን
- ለየቤቱ ውሃ የማያስገባ ወፍራም ፌስታል

አብዛኛውን የሰፈራችሁ እድር ወይም አፎቻ (እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር) መጋዘን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ እዩ።

1. የቀበሌውን እቅድ ጠይቃችሁ አንብቡት

በቃል አትጠይቁ። በእድሩ ስም ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ማህተም አሳርፋችሁ፣ ገቢ አስደርጋችሁ ጠይቁ። በቃል የጠየቀ «ነገ ና» ይባላል። ደብዳቤ ያስገባ ግን ቢያንስ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቀበሌው ላይ ካላገኛችሁ የከተማውን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

እቅዱ ወፍራም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉን ማንበብ የለባችሁም። አምስት መልስ ብቻ አውጡ፦ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ማን ነው? በምን በኩል? ሰው የሚሸሸው ወዴት ነው? አቅመ ደካማ የሚያወጣው ማን ነው? ሌሊት የሚነሳ ስልክ የማን ነው? መልሱን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ጻፉት። መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ካለ ቦታውን ባዶ ተዉት። እነዚያ ባዶ ቦታዎች ናቸው የእናንተ ሥራ።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ቀበሌው «ወደ ትምህርት ቤቱ» ሲል እናንተ «ወደ መስጊዱ» ካላችሁ ቤተሰብ ይበታተናል። አባት አንዱ ጋ፣ ልጅ ሌላው ጋ ይሆናል። ከዚያ አባትየው ልጁን ፍለጋ ወደ ውሃው ይመለሳል።

2. ውሃው የደረሰበትን በእግራችሁ ሄዳችሁ ምልክት አድርጉ

ሰፈሩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችና እናቶች ይዛችሁ ውጡ። «በ98ቱ ጎርፍ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በሉ። አብዛኞቹ ቦታውን በእጃቸው ያሳዩአችኋል፤ አንዱ ደረቱን ይነካል፣ አንዷ የመስኮቱን ደፍ ትጠቁማለች። እዚያው ግድግዳው ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ በቀይ ቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ዓመተ ምሕረቱንም አጠገቡ ጻፉ።

እዚህ ላይ አደራ። የምትጠይቋቸው ሰዎች ያኔ ልጅ ወይም እናት ያጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተር ዘርግታችሁ አትግቡ። ቁጭ በሉ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ መናገር ካልፈለጉ ተዉአቸው።

ከዚያ በካርቶኑ ላይ የሰፈራችሁን ካርታ ሳሉ። መንገድ፣ ቤት፣ ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ ቦኖ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ውሃ የሚደርስባቸውን ቤቶች ቀይ፣ የማይደርስባቸውን አረንጓዴ ቀቡ። ካርታው ቆንጆ መሆን የለበትም። የሰፈሩ ልጅ አይቶ «ይሄ የኛ በር ነው» ካለ በቂ ነው።

ቀዩ መስመር ከስብሰባ ይበልጣል። ስብሰባ ያልመጣ ተከራይ በየቀኑ ያየዋል፣ ይጠይቃል። ድሬ ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ ቤት የሚቀይርበት ከተማ ነው፤ 98ን ያላየው ብዙ ነው።

አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። «የጎርፍ መከላከያው ግንብ ተሠርቷል፣ ከእንግዲህ አያሰጋም» ይባላል። ግንቡ ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን በጎርፍ መውረጃው ላይ ቆሻሻ ከተጣለ፣ ወይም ውሃው ከግንቡ በላይ ከመጣ፣ ወይም በሌላው ወንዝ በጎሮ በኩል ከዞረ፣ ግንቡ ቤታችሁን አይጠብቅም። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ያሉ ቤቶችንም ቀይ ቀቡ።

3. ቤት ለቤት መዝግቡ

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር። ስንት ሰው ያድራል (የሚያድር እንጂ የሚኖር አትበሉ)፤ ራሱን ችሎ መውጣት የማይችል አለ ወይ፤ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ የማይሰማ፣ የማያይ፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ፤ በር የሚከፈተው እንዴት ነው፤ ስልክ።

የሚረሱ ሰዎች አሉ፤ ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው። የቤት ሠራተኛ። ጓሮ ቤት የተከራየ ተማሪ። ዘበኛ። ከገጠር ለገበያ መጥቶ ዘመድ ቤት ያደረ ሰው። አሸዋው ላይ ዕቃውን ሸፍኖ አጠገቡ የሚተኛ ነጋዴ። ወንዙ ዳር የሚያድሩ የጎዳና ልጆች። እነዚህ የማንም እድር አባል አይደሉም፣ ስለዚህ የማንም ዝርዝር ላይ የሉም። ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ግን እነሱን ነው። ለነሱ የተለየ ገጽ ክፈቱ፣ ሁለት ወጣት መድቡላቸው፣ ማታ ማታ የት እንደሚተኙ ይወቁ።

እርዳታ ለሚፈልግ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰው መድቡ። አንዱ አይበቃም። አንዱ ሐረር ለሠርግ ሄዶ ይሆናል፣ አንዱ ራሱ ታሞ ይሆናል። የተመደቡት ከሰውየው ቤት በሦስት በር ርቀት ውስጥ ይሁኑ። በስም ጻፉ፤ «ወጣቶች ያወጧቸዋል» ብሎ መጻፍ ማንንም አለመመደብ ነው።

የበሩን ነገር በቀላሉ አትለፉት። በኛ ሰፈር ልምምድ ስናደርግ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ ነበሩ። የተመደበችላቸው ልጅ በደቂቃ ውስጥ በራቸው ላይ ደረሰች። አንኳኳች። ጮኸች። እማማ ጆሯቸው ከብዷል፣ በሩም ከውስጥ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። ልጅቷ በእጇ ቆርቆሮውን ስትመታ፣ በመስኮት ስትጣራ፣ ስድስት ደቂቃ አለፈ። ልምምድ ስለነበር ቆመን አየን። በእውነት ቢሆን ኖሮ ልጅቷም እማማም አይወጡም ነበር። በማግስቱ ሄደን ተነጋገርን። እማማ «መቀርቀሪያውን ሌባ ፈርቼ ነው» አሉ፣ ልክ ናቸው። በመጨረሻ በሩ ላይ ከውጭም ከውስጥም የሚከፈት ቁልፍ ተገጠመ፣ አንዱ መክፈቻ ጎረቤታቸው ጋ ተቀመጠ። ለእናንተም ሰፈር የማይሰሙ ሰዎች ካሉ ይህን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ይህ ደብተር የሰው ምስጢር ያለበት ነው። ማን ብቻውን እንደሚያድር፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ቁልፍ የት እንዳለ። በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ አንስታችሁ አትልቀቁ። በሦስት ቅጂ ይሁን፣ ሦስት ሰው ብቻ ይያዘው።

4. ማስጠንቀቂያው ከተራራው እስከ አልጋ የሚደርስበትን ሰንሰለት ሥሩ

ይሄ የሥራው ልብ ነው። ጊዜያችሁን ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ አጥፉ።

*ሀ. ከላይ ያለ ሰው።* ከከተማው በላይ፣ ዝናቡ በሚጥልበት በኩል የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው የድሬ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ሰው ፈልጉ። ጥያቄያችሁ ቀላል ይሁን፦ «ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ደውልልን።» የሞባይል ካርድ ሙሉላቸው፤ ይህን የእድሩ ወጪ አድርጉት። በደወሉ ቁጥር ሰዓቱን መዝግቡ፣ ውሃው እናንተ ጋ የደረሰበትንም ሰዓት መዝግቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሰፈራችሁ ስንት ደቂቃ እንዳላችሁ ከራሳችሁ ደብተር ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ሲወጣም ተከታተሉ። ትንበያው ለአካባቢው ሁሉ ነው፤ የላይኛው ሰው ስልክ ግን ስለዚያች ሰዓት ይነግራችኋል።

*ለ. ተቀባዮች።* ሁለት ሰው፣ በበልግና በክረምት ወራት ስልካቸውን የማያጠፉ። እንቅልፋቸው ቀላል የሆኑ እናቶች ለዚህ ሥራ ይሻላሉ።

*ሐ. ሁለት ደረጃ ብቻ።* ሦስትና አራት ቀለም ያለው ማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ያምራል። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚለየው።
«ተዘጋጁ»፦ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሏል። ተቀባዮቹ ለተመደቡት ሰዎች ይደውላሉ። አራሶች፣ አዛውንቶችና ወንዙ ውስጥ ያሉ ሰዎች አሁኑኑ ይወጣሉ። እነሱ ሁለተኛውን ምልክት አይጠብቁም።
«ውጡ»፦ ውሃው ታየ፣ ወይም ጉምጉምታው ተሰማ፣ ወይም ቀበሌው አዘዘ። ሁሉም ይወጣል።

*መ. ድምፁ።* እዚህ ላይ ብዙ ሰፈር ይሳሳታል። የእድሩን ጥሩምባ ይጠቀማሉ። ጥሩምባ ሲነፋ የኛ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን ይፈልጋል እንጂ ወደ ከፍታ አይሮጥም። ለጎርፍ ሌላ ድምፅ ያዙ፤ አጫጭር፣ የማያቋርጥ ፊሽካ፣ ከሱ ጋር ብረት ድስት በጭልፋ መምታት። ድስት በየቤቱ አለ፣ ድንጋይ አይጨርስም፣ ሕፃን ልጅም ይመታዋል። የመስጊዱን ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከኢማሙና ከአስተዳዳሪው ጋር ቀድማችሁ ተስማሙበት። ማን ቁልፍ እንዳለው፣ ሌሊት ማን እንደሚከፍት ጻፉ። መብራት ከጠፋ ማጉያው አይሠራምና በሱ ብቻ አትታመኑ።

ቃሉ አጭር ይሁን፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፦ «ጎርፍ! ሎላ! ዳድ! ውጡ!» አማርኛ ብቻ ካላችሁ ግማሹ ሰፈር ነገሩን እስኪጠይቅ ደቂቃ ይበላል። ማብራሪያ አትስጡ። «ውድ የቀበሌያችን ነዋሪዎች» የሚባል ነገር የለም።

*ሠ. በስህተት ቢነፋስ?* ይህን በእድሩ ቃለ ጉባኤ አስፍሩት፦ «ውሃ ሳይመጣ ሰው ያስወጣ አይወቀስም።» ካላሰፈራችሁት፣ አንዴ የተወቀሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ያመነታል።

5. የምትወጡበትን መንገድና ቦታ በእግር ለኩ

የመጀመሪያው ሕግ፦ የትኛውም መንገድ ደቻቱን አያቋርጥ። ከዚራ በኩል ያለ በከዚራ በኩል፣ መጋላ በኩል ያለ በመጋላ በኩል ወደ ከፍታው ይውጣ። እናቱ ማዶ ያለች ሰው ወደ ማዶ እንደሚሮጥ እወቁ፤ ስለዚህ ማዶ ያለውን ዘመዱን ማን እንደሚያወጣለት ቀድሞ ይወቅ፣ ስሙንም ይያዝ። ልቡ የሚያርፈው ያኔ ነው።

መንገዱን ከሰፈሩ ቀርፋፋ ሰው ጋር ሂዱት። ክራንች ከሚይዝ ሰው ወይም ሦስት ልጅ ካላት እናት ጋር። ሰዓት ያዙ። ጠባብ ቦታ፣ ክፍት ቦይ፣ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ ካለ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። አረንጓዴ ቀስት በየጥጉ ቀቡ፣ ወደ ላይ የሚያሳይ።

የምትሄዱበት ቦታ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ ነው? አንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ተለማምዶ በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቆልፎ ሄዷል። ቁልፉ ለሁለት የሰፈር ሰው እንዲሰጥ በደብዳቤ ጠይቁ።

ባጃጅ ያላቸውን ልጆች መዝግቡ። ለ«ተዘጋጁ» ጊዜ ወርቅ ናቸው፤ አራስና አዛውንት በአምስት ደቂቃ ያደርሱላችኋል። ለ«ውጡ» ጊዜ ግን ባጃጅ አይንቀሳቀስ። መንገዱን ይዘጋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲሜትር አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ባጃጅ ከነዚህ ሁሉ ይቀላል። ቁርጭምጭሚት ነው ብላችሁ አትግቡ። ገመዱም ለመሻገሪያ አይደለም። በጨለማ ልጆች እንዳይጠፉ ይዘውት እንዲሄዱ ነው።

6. የእድሩን ደንብ አስተካክሉ

እድርም አፎቻም በአብዛኛው ገንዘብ የሚያወጡት ሰው ሲሞት ነው። ደንቡ እንዲህ ስለሚል ሰብሳቢው ቢፈልግ እንኳ ለሕይወት ማዳኛ ማውጣት አይችልም። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ አስጨምሩ፦ በአደጋ ጊዜ የተወሰነ ገንዘብ ያለ ስብሰባ፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይወጣል፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና ጀሪካኑም አባል ላልሆነ ጎረቤት ጭምር ይውላል። መጠኑን እናንተ ወስኑ።

እግረ መንገዳችሁን መጋዘኑን እዩት። ድንኳኑና ድስቱ ከቀዩ መስመር በታች ከተቀመጡ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ።

7. የየቤቱ ቦርሳ

አንድ ፌስታል፣ በር አጠገብ የተሰቀለ። የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የባንክ ደብተር (ኮፒም ቢሆን)፣ የሳምንት መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ጥቂት ብር፣ ለሕፃን የሚሆን። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፤ ስልካችሁ ካለቀ የማንንም ቁጥር በቃል አታውቁም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ከሱ በተጨማሪ የከተማውን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር። ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ መነሳቱን አረጋግጡ።

ቴሌቪዥኑን ተዉት። ፍየሏንም። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ የአንዳንዱ ሰው ሀብት ሁሉ እሷ ናት። ስለዚህ ከብት ያላቸው ሰዎች በ«ተዘጋጁ» ጊዜ ቀድመው ያውጡ።

8. ተለማመዱ፣ አንዴ በቀን፣ አንዴ በሌሊት

መጋቢት መጀመሪያ ላይ አንዴ፣ ሰኔ ላይ አንዴ። የበልጉም የክረምቱም ዝናብ ከመበርታቱ በፊት ማለት ነው። የቀኑን ልምምድ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይወቀው። ለሌሊቱ ሳምንቱን ብቻ ንገሩ፣ ቀኑን አትንገሩ። ፖሊስና ቀበሌ ግን ቀኑን ይወቁ፣ አለበለዚያ ሁከት ይመስላቸዋል። የልብ ሕመምተኞችንም ንገሯቸው።

ሁለት ቁጥር ያዙ። ከፊሽካው እስከ መጨረሻው በር ስንት ደቂቃ? ከመጨረሻው በር እስከ ከፍታው ስንት ደቂቃ? ድምሩ በደረጃ 4 ካገኛችሁት ደቂቃ ከበለጠ እቅዱ አይሠራም። ያኔ ሰው አትቆጡ፤ ወይ ተቀባይ ጨምሩ፣ ወይ መንገዱን ለውጡ፣ ወይ ደካሞችን ይበልጥ ቀድማችሁ አውጡ።

የመጀመሪያ ልምምዳችን ላይ ግማሹ ሰው አልወጣም። ጫት ላይ የነበሩት «እሺ አቦ መጣን» ብለው ቀሩ። በሁለተኛው ጊዜ ፊሽካ የሚነፉትን ከነሱ መሃል መረጥን። ሁሉም ወጡ።

ልጆችን አትርሱ። ትምህርት ቤት እያሉ ቢመጣስ? ወላጅ ልጁን ፍለጋ ወንዙን እንዳያቋርጥ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን የት እንደሚያቆይ በጽሑፍ ተስማሙ።

9. ውሃው ካለፈ በኋላ

ቶሎ አትመለሱ። ሁለተኛ ሞገድ ሊከተል ይችላል። ላይ ያለውን ሰው ደውላችሁ ዝናቡ ማቆሙን ጠይቁ።

መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ፣ በደብተሩ፣ ቤት በቤት። የጎደለ ካለ ለቀበሌና ለፖሊስ ስሙን፣ ያደረበትን ቤትና በመጨረሻ የታየበትን ቦታ ስጡ። «ብዙ ሰው ጠፍቷል» ከማለት አንድ ስምና አንድ በር ይሻላል፤ ፈላጊ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ቆጣሪ የረጠበበት ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ የመብራት ባለሙያ እስኪያየው ጠብቁ። የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ ተበክሏል ብላችሁ ያዙት። ድሬ ላይ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ከፈላ ይበቃል፣ እንደ ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ 3 ደቂቃ አድርጉት። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር፣ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንጹህ ነጠላ አጥልሉ። ድፍርስ ውሃ ላይ መድኃኒቱ ኃይሉ ይደክማል።

የሞላውን በርሜልና ጀሪካን ክደኑ። በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተማችንን እንዴት እንዳስተኛት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ትንኟ የምትራባው ቤት ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ነው፣ የምትነክሰውም ቀን ነው።

10. ያገኛችሁትን ወደ ቀበሌው መልሱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዘለላችሁት ግን ሥራው የእናንተ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ቀበሌውም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ የድሮ እቅድ ያትማል።

አንድ ገጽ ጻፉ። ከላይ ሁለቱን የልምምድ ቁጥሮች። ከሥር ራሳችሁ መዝጋት ያልቻላችሁትን ሦስት ነገር ብቻ፤ ለምሳሌ የተደፈነ የጎርፍ መውረጃ፣ የትምህርት ቤቱ ቁልፍ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ። ለእያንዳንዱ የማን ሥራ እንደሆነና እስከ መቼ እንደምትጠብቁ ጻፉ። አሥር ነገር ከጻፋችሁ አንዱም አይሠራም። ካርታውን በፎቶ ኮፒ አያይዙ፣ የስም ዝርዝሩን ግን አታያይዙ። ገቢ አስደርጋችሁ፣ ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። «የእኛ ሰፈር እቅድ ከቀበሌው እቅድ ጋር ይያያዝልን» ብላችሁም ጠይቁ፤ ከተያያዘ ኃላፊው ቢቀየር እንኳ ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ይኖራል።

ሐረር ላላችሁ

ጀጎል ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ስለ እሳት ትጠይቁኛላችሁ። ደረጃዎቹ ያው ናቸው፣ ሁለት ነገር ብቻ ቀይሩ። ቀይ የምትቀቡት የእሳት አደጋ መኪና የማይገባባቸውን ጠባብ መንገዶች ነው፤ እዚያ ያሉ ቤቶች የሚተማመኑት በበርሜል ውሃ፣ በአሸዋና በጎረቤት ነው። የመውጫ መንገዳችሁም በሁለት አቅጣጫ ይሁን፣ አንዱን እሳት ሊዘጋው ይችላልና። አፎቻችሁ በሳምንት ውስጥ ሁሉን ቤት ማዳረስ ይችላል፣ ከሱ ጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ኮሚቴ አቋቁሞ ማቆም። ስም፣ በር እና ደቂቃ የሌለበት ኮሚቴ ሌሊት አይነሳም።
- ሁሉን ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ማድረግ። ኔትወርክ ይጠፋል፣ የእማማም ስልክ ባለ ቁልፍ ነው።
- ሰብሳቢውን ብቻ ማሠልጠን። እሱ ከሌለ ሰፈሩ ዝም ይላል።
- ሴቶችን ለምግብ ሥራ ብቻ መመደብ። ቀን ሰፈር ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው፣ በሩን የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።
- ወንዝ ዳር ቆሞ በስልክ መቅረጽ። ዳሩ ከሥር ተበልቶ ሳይታወቅ ይናዳል። ልጆችን በተለይ አባርሩ።
- ደብተሩን አለማደስ። ተከራይ ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል። ሁለቱ ልምምዶች ከመድረሳቸው በፊት ባለው እሁድ ቤት ለቤት ዞራችሁ አስተካክሉ፤ አሮጌውን ስም ሰርዙ፣ አዲሱን ጻፉ፣ ሦስቱንም ቅጂ አመሳክሩ፣ ከዚያም ከቀዩ መስመር በላይ ባሉ ሦስት ቤቶች አስቀምጧቸው።